የበረዶ ሞተርና ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ተሽከርካሪዎች ገበያ ለምን ቀዘቀዘ? የትኛውስ ብራንድ ይታመናል? ከጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ቡና ከሚሰበስቡ፣ የገጠር ሥራቸውን በሞተር ሳይክል ከሚሠሩና ባሕር ማዶ ዘመድ ካላቸው ሰዎች በተደጋጋሚ የሚቀርቡልኝ ናቸው። ለበርካታ ዓመታት የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ተሽከርካሪዎች ኃላፊ ሆኜ ስለሠራሁ፣ ስለ መለዋወጫና ስለ ጭቃ የምናገረው ከዚያው ሥራ ነው። ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በረዶ በማያውቀው ጅማ ስለ በረዶ ሞተር መነጋገር ለምን አስፈለገ?

በሚኒሶታ ግዛት፣ በተለይም በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች፣ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በጅማም ከዚያ ስልክ የማይደወልለት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። በበረዶ ሞተር (ከፊት ሸርተቴ ያለው፣ በበረዶ ላይ የሚነዳ ማሽን) ሥራ ስማቸው ከሚጠራ አምራቾች ሁለቱ የተወለዱት በዚያው ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ፖላሪስ በ1954 ሮዞ በምትባል ትንሽ ከተማ ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ኤድጋር ሄቲን ደግሞ ከዚያ ወጥቶ በቲፍ ሪቨር ፎልስ ከተማ በኋላ አርክቲክ ካት የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። እነዚህ ድርጅቶች ከበረዶ ሞተሩ ጎን ለጎን ባለአራት እግር ሞተርና ጎን ለጎን መቀመጫ ያላቸው አነስተኛ የእርሻና የጫካ መኪኖችም ይሠራሉ። ዘመዶቻችን በየመንገዱ ዳር ቅናሽ ተለጥፎባቸው የቆሙትን እያዩ «ለቡናው ሥራ አንድ ልላክላችሁ?» ይላሉ። ጥያቄው ወደ እኛ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው፤ መልሱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚያድን ወይም የሚያባክን ነው።

ሽያጩ በእርግጥ ቀንሷል ወይስ ወሬ ነው?

በእርግጥ ቀንሷል። ፖላሪስ በ2023 ወደ 8.9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሽያጭ የነበረው ሲሆን፣ በ2024 ይኸው ቁጥር ወደ 7.2 ቢሊዮን ዶላር ወርዷል፤ ይህም የአንድ አምስተኛ ቅናሽ ነው። ስኪ-ዱ የተባለውን የበረዶ ሞተር የሚሠራው የካናዳው ቢአርፒም በዚያው ሰሞን ገቢው ወርዶ፣ በጥቅምት 2024 የጀልባ ሥራውን ሸጦ ወደ ዋናው ሥራው ሊሰበሰብ እንደሆነ አስታውቋል። ያማሃ ከ1968 ጀምሮ ይሠራው የነበረውን የበረዶ ሞተር ጨርሶ ለመተው በ2023 ወሰነ፤ በመጀመሪያ ከጃፓን፣ ቀጥሎ ከአውሮፓ፣ በመጨረሻም በ2025 ሞዴል ከሰሜን አሜሪካ ገበያ ወጣ።

ይሁን እንጂ የበረዶ ሞተር ገበያ ማሽቆልቆል የጀመረው ትናንት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በ1971 በሰሜን አሜሪካ ብቻ ወደ 500,000 የሚጠጉ የበረዶ ሞተሮች ተሽጠው ነበር፤ በዚያን ዘመን የአምራቾቹ ቁጥር ከመቶ በላይ ነበር። ያ የሽያጭ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ አልታየም፤ ከመቶዎቹ አምራቾችም የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው የኮሮናን ወረርሽኝ ነው። በ2020 እና በ2021 ሰዉ ከቤት ሆኖ፣ ጉዞ ተዘግቶበት፣ በእጁ የገባውን ገንዘብ ለሜዳና ለጫካ መዝናኛ አዋለው፤ ሻጮች መጋዘናቸው ባዶ እስኪሆን ድረስ ሸጡ። ፋብሪካዎቹም ይህ ፍላጎት የሚዘልቅ መስሏቸው ምርታቸውን አበዙ፤ ምርቱ ተሟልቶ ሻጮች ዘንድ ሲደርስ ግን ገዢው ከሁለት ዓመት በፊት ገዝቶ ጨርሶ ነበር። የዛሬውን ገዢ የትናንቱ ገዢ ቀድሞ በልቶታል ማለት ነው።

በዚያ ላይ የብድር ወለድ ጨመረ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ማሽን በእጅ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በወር ክፍያ ይወስዳል። የማዕከላዊው ባንክ የወለድ መጠን በ2022 መጀመሪያ ላይ ከዜሮ እምብዛም ያልራቀ ነበር፤ በሐምሌ 2023 ግን ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ደረሰ። ከፍተኛ ደረጃ ያለው የበረዶ ሞተር ከ20,000 ዶላር በላይ፣ ጎን ለጎን መቀመጫ ያለው የሩጫ መኪና ደግሞ ከ30,000 ዶላር በላይ በሚሸጥበት ገበያ ላይ ይህን ያህል ወለድ ሲጨመር፣ የወር ክፍያው ለደመወዝተኛ ሰው የሚከብድ ይሆናል።

የበረዶ ሞተሩን በተመለከተ ደግሞ ሰማዩም አልተባበረም። ከ2023 ወደ 2024 የተሻገረው ክረምት በሚኒሶታ በመዝገብ ከተያዙት ሁሉ ሞቃታማው ነበር፤ በረዶ ስላልተኛ ብዙዎቹ የበረዶ መንገዶች ሳይከፈቱ ወቅቱ አለፈ። የእኛ ቡና ነጋዴ ዝናብ ሳይዘንብ ሲቀር የሚሰማውን ጭንቀት የሚያውቅ ሰው፣ የእነዚያን ሻጮች ክረምት ለመገመት አይቸገርም።

ታዲያ ሽያጩ የወረደው ማሽኖቹ የማይታመኑ ስለሆኑ ነው?

ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም፤ ነገር ግን አምራቾቹ ስማቸው ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። ፖላሪስ በ2016 ወደ 133,000 የሚጠጉ አርዜድአር የተባሉ መኪኖቹን በእሳት አደጋ ስጋት ለጥገና መልሶ ጠርቷል፤ ከ160 በላይ የእሳት ቃጠሎዎች ተመዝግበው ነበር፤ አንድ የ15 ዓመት ታዳጊም ሕይወት አልፏል። በሚያዝያ 2018 ደግሞ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን፣ ድርጅቱ የሚያውቀውን ጉድለት በጊዜው አላሳወቀም በማለት ያቀረበው ክስ በ27.25 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ክፍያ ተዘግቷል።

እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውል የምፈልገው ነገር አለ። የጥገና ጥሪ ብዛት ብቻውን የብራንድ መጥፎነት መለኪያ አይሆንም፤ ብዙ የሚሸጥ ብዙ ይጠራል፤ ደግሞም ጉድለቱን በራሱ አንደበት ተናግሮ መልሶ የሚጠራ አምራች፣ ዝም ከሚል አምራች ይሻላል። መጠየቅ ያለበት ጉድለቱን ባወቀና ለገዢው በነገረ መካከል ስንት ጊዜ አለፈ የሚለው ነው። ያገለገለ ማሽን ከአሜሪካ ሊላክለት የተዘጋጀ ሰው የሻንሲ ቁጥሩን አስልኮ፣ ማሽኑ የጥገና ጥሪ እንዳለበትና ጥገናው እንደተደረገለት በአምራቹ ሻጭ በኩል ማስጣራት ይኖርበታል። ጥሪው በነጻ የሚፈጸመው እዚያው ሳለ ነው፤ ጅማ ከገባ በኋላ የሚጠራው የለም።

አምራቹ ሥራውን ሲያቆም የገዢው ዕጣ ምን ይሆናል?

ያማሃ ሲወጣ መለዋወጫ ማቅረቡንና የገባውን ዋስትና ማክበሩን እንደሚቀጥል አስታውቋል። ትልቅ ድርጅት ስለሆነና ሌሎች ሥራዎቹ ስለሚቀጥሉ ቃሉን ለመጠበቅ አቅም አለው።

የአርክቲክ ካት ታሪክ ግን የበለጠ ያስተምራል። በ2017 ቴክስትሮን የተባለው ትልቅ ድርጅት በ247 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2024 መጨረሻ ገበያው ሲከፋ ምርቱን ለጊዜው እንደሚያቆም አሳወቀና ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ፤ በ2025 የጸደይ ወቅት ደግሞ ለሌሎች ባለሀብቶች ተላለፈ። አርክቲክ ካትና ያማሃ ለዓመታት ተሳስረው ይሠሩ ስለነበር፣ አንዳንዱ የበረዶ ሞተር አካሉ ከአንዱ፣ ሞተሩ ከሌላው የመጣ ነበር። እንግዲህ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ስም አይቶ የገዛ ሰው፣ ያመነው የአንዱን ስም ቢሆንም የተሸከመው የሁለት ድርጅቶችን ዕጣ ነበር።

ምርቱ በቆመበትና ድርጅቱ ለሌላ በተላለፈበት መካከል ያለው ጊዜ ነው ገዢን የሚጎዳው። ሻጩ «ነገ ይኖራሉ ወይ?» ብሎ ስለሚሠጋ መለዋወጫ በመደርደሪያ ማከማቸት ይተዋል፤ መካኒኩም አዲሱን ሞዴል ለመማር ፍላጎቱ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ በሚኒሶታ ሲሆን እንዲህ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን ለምንገኘው ለእኛ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ወንድሜ ርካሽ ባለአራት እግር ሞተር አግኝቻለሁ ይላል። ወደ ጅማ ላስመጣ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው፤ ስለዚህ የደረሰብንን ልናገር። ማኅበራችን ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ያገለገለ ማሽን ከውጭ አግኝቶ በሊሙ በኩል ላለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሰጠው። ማሽኑ ጥሩ ነበር፤ የሚያምር፣ ኃይለኛ፣ እሸት ቡና የሞላ ጆንያ ጭኖ ዳገት የሚወጣ። በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት፣ ለቀማው በተፋፋመበት ሳምንት፣ ዳገት ላይ የጎማ ቃጠሎ ሽታ ሸተተና ቆመ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይዞርም። መካኒኩ የጎኑን የፕላስቲክ ክዳን ሲፈታ፣ ኃይል አስተላላፊው የላስቲክ ቀበቶ ተበጣጥሶ፣ ጥቁር ክሩ በሁለቱ ፑሊዎች ላይ እንደ ተንዠረገገ ፀጉር ተጠምጥሞ አገኘው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ ይህ ቀበቶ ጅማ የለም፤ ተመሳሳይ ቢያገኙም ልኩ በሚሊ ሜትር ከሳተ ይበላዋል» አለኝ።

አዲስ አበባ አስፈለግን፤ አልተገኘም። በመጨረሻ ከአሜሪካ በመጣ መንገደኛ ሻንጣ ደረሰልን፤ በሰባተኛው ሳምንት። ለቀማው አልቆ ነበር። በእነዚያ ሰባት ሳምንታት እሸቱን ያመላለሰው፣ ቀለሙ የተላጠና ወንበሩ በገመድ የታሰረ አንድ ባለ100 ሲሲ የእርሻ ሞተር ሳይክል ነበር። በአንድ ቀንም እሸቱ ሳይፈለፈል ካደረ ጥራቱ እንደሚወርድ የቡና ሰው ያውቃል፤ ያን ዓመት የወረደብንን ደረጃ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጥፋቱም የማሽኑ ብቻ አልነበረም፤ ከባድ ጭነት ይዘን ዳገት ስንወጣ በዝቅተኛው ማርሽ መንዳት ሲገባን በከፍተኛው እንነዳው ነበር፤ ቀበቶውን ያቃጠለው ይህ ነው።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ የማሽኑን ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ሲሰበር ዕቃው በስንት ቀን እንደሚደርስና የሚገጥመው መካኒክ በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት እንዳለ ጠይቅ። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ካላገኘህ ስጦታ ቢሆንም አትቀበል።

ከዚህ ሌላ የሕግና የገንዘብ ጉዳይ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ባለአራት እግር ሞተር በየትኛው መደብ እንደሚታይ፣ ምን ያህል ቀረጥና ታክስ እንደሚከፈልበት፣ ሰሌዳና ሊብሬ የሚያገኝ ስለመሆኑ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ከጉምሩክና ከትራንስፖርት ቢሮ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። እዚያ ርካሽ የተባለው ዕቃ ብቻ ሳይሆን፣ በየዓመቱ የሚያስፈልገው ቀበቶና ፊልትሮም በዚሁ ምንዛሪ ነው የሚገዛው።

ሁሉም ባለአራት እግር ሞተሮች በቀበቶ ነው የሚሠሩት?

አብዛኞቹ በቀበቶ ይሠራሉ፤ የበረዶ ሞተሮችም እንደዚሁ። ሆንዳ ግን ባለአራት እግር ሞተሮቹን በጥርስ ማርሽ በመሥራት ይታወቃል። ለቀይ ጭቃ፣ ለረጅም ዳገትና ለከባድ ጭነት ማርሹ ይመረጣል፤ ቀበቶ ውኃ ሲገባበት ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበጠሳል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ በሚዘንብበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የጅማ ከፍታ ሞተርን ያደክማል?

አዎ፣ ግን በልኩ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ በመግለጫው ላይ ከተጻፈው ጉልበት ከ15 እስከ 18 በመቶ እንደሚጎድል አስቦ መግዛት ነው። ወደ ደዶ ከፍታዎች የሚመላለስ ሰው ከዚህም በላይ ያሰላ። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ጥቁር ጭስ ካበዛ፣ አየሩ ስለሳሳበት ነዳጅ በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል ማስተካከል ይቻላል።

እንግዲያውስ ለጅማና ለአካባቢው የትኛው ብራንድ ይታመናል?

ስም ብቻ ጥሩልኝ ለሚለኝ ሰው መልስ ለመስጠት እቸገራለሁ፤ ምክንያቱም አንዱ ብራንድ በአንድ ቦታ ታማኝ፣ በሌላ ቦታ ሸክም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያየሁትን ልናገር።

የያማሃ ኤጂ ሞተር ሳይክሎች ለእርሻ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ሰንሰለታቸው ሙሉ በሙሉ በክዳን የተሸፈነ ስለሆነ ጭቃ አይበላውም፤ ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ አላቸው፤ በሁለቱም ጎን የሚቆሙበት እግር አላቸው። ያን የሰባት ሳምንት ሥራ የሠራልን ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ችግራቸው ዋጋቸው ነው፤ ያገለገለውን ማግኘትም ዕድል ይጠይቃል።

ከህንድ የሚመጡት ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ በጥንካሬ ከእነዚያ አይስተካከሉም፤ በሁሉም ሞዴል ሰንሰለታቸው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ አይደለም፤ ከባድ ጭቃ ላይም ጎማቸው መቀየር አለበት። ሆኖም በጅማው መርካቶ አካባቢ ገብተህ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ኩሽኔታ ብትል በአሥር ደቂቃ ይዘህ ትወጣለህ፤ በአጋሮ መንገድ ላይ ብትቆም እንኳ የሚያውቀው ልጅ ከቅርብ አይጠፋም። ባለሦስት እግሩ ራሱ በአምራቹ ስም «ባጃጅ» ተብሎ መጠራቱ ብዛቱን ይናገራል፤ በካናዳም ስኪ-ዱ የሚለው የብራንድ ስም ለብዙ ሰው የማንኛውም የበረዶ ሞተር መጠሪያ ሆኗል። ስሙ የዕቃው መጠሪያ እስኪሆን የተስፋፋ ማሽን መለዋወጫውም በየሱቁ ይገኛል።

ከመኪና ወገን ላንድክሩዘር ሰባ ተከታታይ ከ1984 ጀምሮ መሠረታዊ ቅርጹን ሳይለቅ እየተሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአገራችን የሚታየው ባለ4.2 ሊትር፣ ባለስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተሩ ከኮምፒውተር ይልቅ በመፍቻ የሚጠገን ነው። አርባ ዓመት አንድ ዓይነት ዕቃ መሠራቱ ለአሜሪካ ገዢ አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ ለሲግሞና ለሰጠማ መንገድ ግን የአሮጌው መኪና ብዙ ዕቃ ለአዲሱ መዋሱ ትልቅ ሀብት ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩትስ?

ገና ናቸው። ፖላሪስና ቢአርፒ የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ በኤሌክትሪክ የበረዶ ሞተርና የውኃ ላይ ሞተር ተስፋ ጥሎ የተነሣው የኩቤኩ ታይጋ ግን በ2024 ከአበዳሪዎቹ የፍርድ ቤት ከለላ እስከ መጠየቅ ደርሶ በሌላ ባለሀብት ተገዝቷል። ለከተማ ውስጥ ሥራ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ማሰብ መልካም ነው፤ መብራት በማይደርስበት የቡና ጣቢያ ግን ጊዜው አልደረሰም።

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ስገዛ ምን ልመልከት?

ጠዋት፣ ሻጩ ሳያሞቀው ድረስ። እጅህን ሞተሩ ላይ አሳርፍ፤ ከሞቀ ሌላ ቀን እመለሳለሁ በል፤ ምክንያቱም ያረጀ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው። ከተነሣ በኋላ ባለአራት ምት የሆነው ሞተር ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው። ካንዴላውን አስፈታ፤ ጫፉ እንደ ተቆላ ቡና ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም አየር ማጣሪያው ታፍኗል፤ የባለአራት ምት ሞተር ካንዴላ በዘይት ከረጠበ ግን ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ) አልቀው ሊሆን ይችላል፤ ትልቅ ጥገና ሊጠብቅህ ይችላል። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ክፈት፤ ከማጣሪያው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ በሚወስደው በኩል ቀይ አቧራ ካገኘህ፣ ያ አቧራ ወደ ሲሊንደሩም ገብቷል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተህ መሪውን ቀስ ብለህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙር፤ መሐል ላይ የሚይዝህ ነገር ካለ ኩሽኔታው ተጎድቷል። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በራስህ ዓይን አስተያይ፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባበት ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተወው።

ከጭቃ መንገድ ስመለስ በኃይለኛ ውኃ ማጠብ ይጎዳል?

ይጎዳል። በግፊት የሚመጣ ውኃ የኩሽኔታውን መዝጊያ ላስቲክ አልፎ ገብቶ ግራሶውን ያወጣል፤ ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ጎማው መንጓጓት ሲጀምር ነው። በባልዲና በጨርቅ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ እጠብ፤ ሰንሰለቱን አድርቀህ ዘይት ቀባው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ካለህ በክንፎቹ መካከል የገባውን ቀይ ጭቃ ከመድረቁ በፊት በቀጭን እንጨት አውጣ፤ እዚያ የደረቀ ጭቃ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ይይዘዋል። በብረት ግን አትፋቀው፤ ክንፉ ቀጭን አሉሚኒየም ስለሆነ ይሸረፋል።